ጋራዡን ክፍል እናድርገው ወይስ ቤቱን እናስፋ?

ለቤት ባለቤቶችና ለግንባታ ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፣ የቤት ባለቤቶች፣ ግንበኞች፣ አናጺዎች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፤ እንደምን አመሻችሁ! ሥራ ውላችሁ፣ ድካሙን ችላችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ቤት የጠበባችሁ እጃችሁን አውጡ ብል የአዳራሹ ግማሽ እጁን እንደሚያነሳ አልጠራጠርም። ልጆች አድገዋል። እናት ወይም አባት አብረው ሊኖሩ መጥተዋል። የቢሮ ሥራ ቤት ገብቶ የምግብ ጠረጴዛውን ይዟል። አንድ ክፍል ያስፈልጋል፤ ይህ ግልጽ ነው። ታዲያ ክፍሉ ከየት ይምጣ? ዕቃ የታጨቀበት ጋራዥ ካለ ዓይን መጀመሪያ ወደዚያ ይሄዳል። ግቢው ሰፋ ያለ ከሆነ ደግሞ «ለምን ከቤቱ ጎን አንቀጥልም?» ይባላል።

ከዚያ ሁሉም ሰው አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ የትኛው ይረክሳል? እባካችሁ፣ ዛሬ ማታ ይህን ጥያቄ ለጊዜው አቆዩልኝ። ከእሱ የሚቀድም ጥያቄ አለ።

ጋራዥ ለመኪና የተሠራ ነው። ወለሉ ያዘነበለው ለመኪና ነው። ግድግዳው የሳሳው ለመኪና ነው። በሩ የሰፋው ለመኪና ነው። መስኮት የሌለውም ለመኪና ተብሎ ስለተሠራ ነው። ሰው ሊኖርበት ሲፈልግ እነዚህ ሁሉ አንድ በአንድ መታረም አለባቸው። ስለዚህ የሚቀድመው ጥያቄ፦ የኔ ጋራዥ ውስጥ የሚታረመው ስንት ነገር ነው? የሚል ነው። የሚታረመው ጥቂት ከሆነ ቀይሩት፤ በደስታ ቀይሩት። መሠረቱና ከፍታው ከሚታረሙት መካከል ከገቡ ግን ማስፋፊያው ይሻላል፤ ርካሽ መስሎ የታየው ሥራ ከማስፋፊያው እኩል ሊያስወጣችሁ ነውና።

ንግግሬ ሦስት ክፍል አለው። አንደኛ ጋራዡን እንዴት እንደምንመረምር፣ ሁለተኛ ማስፋፊያ ላይ ምን እንደሚበላሽና ለምን እንደሚበላሽ፣ ሦስተኛ ሁለቱን እንዴት አወዳድረን እንደምንወስን። የመጀመሪያው ይረዝማል፤ ታገሡኝ።

እንግዲህ ወደ አንደኛው። ከወለሉ እንጀምር።

የጋራዥ ወለል ብዙ ጊዜ 10 ሴንቲሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ኮንክሪት ነው። ውሃ እንዲወጣ ወደ በሩ ያዘነብላል፤ ከቤቱ ወለልም ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ዝቅ ይላል። ይህን በዓይን አትገምቱት። ግልጽ በሆነ ቱቦ ውሃ ሞልታችሁ በአራቱም ግድግዳ ዙሪያ አንድ የውሃ ልክ መስመር አስምሩ። ከዚያ መስመር እስከ ወለሉ ድረስ በአራቱ ማዕዘንና በመሐል ለኩና ጻፉ።

ለምን ይህን ያህል ጥንቃቄ? አንድ ጋራዥ እናስብ፤ ስፋቱ 2.8 ሜትር፣ ርዝመቱ 5.4 ሜትር፣ ይኸውም 15 ካሬ ሜትር ገደማ። ወለሉ በመቶ 1.5 ያዘነብላል። በ5.4 ሜትር ርዝመት ይህ 8 ሴንቲሜትር ልዩነት ነው! ውስጥ በኩል 6.5 ሴንቲሜትር ሊሾ የሚበቃው ወለል በበሩ በኩል ከ14 ሴንቲሜትር በላይ ይፈልጋል ማለት ነው። በአንድ ቦታ ብቻ ለክቶ የገመተ ሰው አንድ ሜትር ኩብ ገደማ ይበቃል ይላል፤ እውነተኛው ፍላጎት 1.6 ሜትር ኩብ ነው። የጎደለው ሥራው መሐል ላይ ይታወቃል፤ ያኔ ሊሾው በሁለት ቀን ይፈስና መገጣጠሚያው ላይ ይሰነጠቃል።

ደግሞም ዝንባሌውን በሊሾ ብቻ አትሙሉት። ወፍራም ሊሾ ቶሎ አይደርቅም። በሙያው የሚታወቀው መለኪያ፣ አየሩ ጥሩ ሲሆን ለመጀመሪያው 5 ሴንቲሜትር በቀን 1 ሚሊሜትር ይደርቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል የሚል ነው። 6.5 ሴንቲሜትሩ ብቻ 80 ቀን ገደማ ይወስዳል። በበሩ በኩል ያለው 14 ሴንቲሜትርማ ከግማሽ ዓመት በላይ ነው! ሳይደርቅ የእንጨት ወለል ከተነጠፈበት እንጨቱ ያብጣል፤ ጎብጦም ይነሳል። መፍትሔው ቀላል ነው። መጀመሪያ ዝንባሌውን በተራ ኮንክሪት አስተካክሉ። በላዩ ላይ የፕላስቲክ እርጥበት መከላከያ፣ ከዚያ የሙቀት መከላከያ ፎም፣ በመጨረሻ በሁሉም ቦታ እኩል ውፍረት ያለው ሊሾ።

የፕላስቲኩን ነገር ልድገመው። የድሮ ጋራዥ ወለል ሥር እርጥበት መከላከያ ብዙ ጊዜ የለም። ኮንክሪት ደግሞ የኩራዝ ክር ጋዝ እንደሚስብ ከአፈሩ እርጥበት ይስባል። መኪና ይህን አይሰማውም፤ ምንጣፍና አልጋ ግን ይሰማቸዋል። ወለላችሁ እርጥበት ያወጣ እንደሆነ ለማወቅ 45 በ45 ሴንቲሜትር የሆነ ግልጽ ፕላስቲክ ዘርጉበትና አራቱንም ጠርዝ አየር በማያስገባ ፕላስተር ለጥፉት። ቢያንስ 16 ሰዓት ይቆይ። ስታነሱት ከሥሩ ጠብታ ካያችሁ ወይም ኮንክሪቱ ከጠቆረ እርጥበቱ ከታች እየመጣ ነው። በዝናብ ወቅት አድርጉት፤ በደረቅ ወራት የተደረገ ምርመራ ሊያታልል ይችላል። የምትዘረጉት ፕላስቲክ 0.3 ሚሊሜትር ውፍረት ይኑረው፤ መገጣጠሚያው ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር ይደራረብ፤ ጠርዙ ግድግዳው ላይ ወደ ላይ ታጥፎ ከግድግዳው እርጥበት መከላከያ ጋር ይገናኝ። ይህ መገናኛ ከተዘለለ ፕላስቲኩ ከለከልነው ያልነው ውሃ በጎን አድርጎ ልስኑን ያረጥበዋል፤ ከወለሉ በላይ ቀለሙ መላጥ ሲጀምር ታዩታላችሁ።

የሞተር ዘይት የጠጣ ቦታ ካለም ሊሾ አይይዝበትም፤ ሽታውም ይቆያል። በማጽጃ ብቻ አትለፉት፤ ዘይት የገባበትን ኮንክሪት ፈልፍላችሁ አውጡና በአዲስ ሙሉት።

አሁን ከፍታውን እንደምር። ፎም 5፣ ሊሾ 6.5፣ ሴራሚክ ከነማጣበቂያው 1 ሴንቲሜትር፤ ድምሩ 12.5። ከላይ ኮርኒሱ ሌላ 7.5 ይወስዳል። ሃያ ሴንቲሜትር ጠፋ። ጋራዡ ከወለል እስከ ጣሪያው እንጨት 2.45 ሜትር ቢሆን 2.25 ይቀራል። ከፍታው 2.4 ቢቀር ክፍሉ ክፍል ይመስላል። የየአገሩ ደንብ ዝቅተኛውን ከፍታ በተለያየ መንገድ ስለሚወስን ቁጥሩን ከምትኖሩበት አስተዳደር ጠይቁ። ከፍታው ከደንቡ በታች ከሆነ ምን ይደረጋል? ወይ ወለሉ ተቆፍሮ ይወርዳል፣ ወይ ጣሪያው ተነስቶ ይሠራል። ሁለቱም ከባድ ሥራ ናቸው። ወለል ሲቆፈር የድሮው መሠረት ጥልቀት ይጋለጣል፤ ጥልቀቱ 40 ሴንቲሜትር ብቻ የሆነ መሠረት አጠገብ 25 ሴንቲሜትር መቆፈር አደጋ ነው። እዚህ ነጥብ ላይ የደረሰ ሰው የጋራዡን ሐሳብ ትቶ ወደ ማስፋፊያው ይሂድ፤ ይህን በግልጽ እናገራለሁ።

ግድግዳውስ? የጋራዥ ግድግዳ ብዙ ጊዜ ነጠላ ነው፤ የ10 ወይም የ15 ሴንቲሜትር ብሎኬት ወይም የግማሽ ጡብ ውፍረት። ዝናብ ያሳልፋል፤ ብርድም ያሳልፋል። መታከሚያው ከውስጥ በኩል ከግድግዳው ትንሽ ፈቀቅ ብሎ የሚቆም የእንጨት ወይም የቀጭን ብረት ማዕቀፍ፣ በመሐሉ ሙቀት መከላከያ፣ ፊቱ ላይ ጂፕሰም ቦርድ ነው። ይህ ከየግድግዳው 12 ሴንቲሜትር ገደማ ይበላል። ያ 2.8 በ5.4 የነበረው ጋራዥ 2.56 በ5.16 ይሆናል። 15.1 ካሬ የነበረው 13.2 ካሬ ሆነ። ወደ ሁለት ካሬ የሚጠጋ ቦታ ግድግዳ ውስጥ ገባ! አልጋና ቁም ሣጥን ሥዕሉ ላይ ስታስቀምጡ በዚህ በተረፈው ልክ አስቀምጡ።

አንድ ነገር በትክክል ያዙልኝ። ቀዝቃዛ አየር ባለበት አካባቢ እንፋሎት የሚከለክለው ፕላስቲክ ከሙቀት መከላከያው ውስጠኛ ፊት፣ ማለትም ሰው በሚተነፍስበት ወገን ይሁን። በተቃራኒው ከተደረገ ከትንፋሽና ከማብሰል የሚወጣው እንፋሎት ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ደርሶ ውሃ ይሆናል፤ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ሻጋታ ይበቅላል። ዓመቱን ሙሉ ሞቃትና እርጥብ በሆነ አየር ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ እንፋሎቱ ከውጭ ወደ ውስጥ ስለሚገፋ ከውስጥ ፕላስቲክ አታድርጉ። የአንዱን አገር አሠራር ለሌላው መቅዳት ብዙ ግድግዳ አበስብሷል።

አሁን ወደ በሩ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ትኩረታችሁን እፈልጋለሁ። የጋራዡ በር ሲነሳ የሚቀረው ክፍት ቦታ 2.4 ሜትር ስፋት፣ 2.1 ሜትር ከፍታ ይኖረዋል እንበል። «ብሎኬት ደርድረን እንዝጋው» ይባላል። በምን ላይ ነው የምትደረድሩት? ብዙ ጋራዥ ውስጥ ከበሩ ሥር መሠረት የለም! የጎኖቹ ግድግዳ መሠረት አላቸው፤ በበሩ መሐል ግን ያለው የወለሉ ኮንክሪት ጠርዝ ብቻ ነው። ባለ 20 ሴንቲሜትር ብሎኬት ግድግዳ በሁለት ወገን ሲለሰን በካሬ ሜትር 300 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 5 ካሬው 1.5 ቶን ነው። ያን ሁሉ ክብደት 10 ሴንቲሜትር ኮንክሪት ጠርዝ ላይ ስትጭኑ ጠርዙ ይሰበርና ይሰምጣል፤ አዲሱ ግድግዳ ከድሮው ይለያል፤ በግራና በቀኝ ቀጥ ያለ ስንጥቅ ይወጣል። ቀለም ቀብታችሁ ትሸፍኑታላችሁ፤ ተመልሶ ይወጣል።

ስለዚህ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በበሩ መሐል ከውጭ በኩል 50 በ50 ሴንቲሜትር ጉድጓድ ቆፍሩ። ሌላ ጉድጓድ ከጎን ግድግዳው ማዕዘን አጠገብ ቆፍሩ። የሁለቱን ኮንክሪት ታች አወዳድሩ። ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ይህን ሳታዩ ከማንም ጋር ዋጋ አትነጋገሩ።

መሠረት ከሌለ ሦስት መንገድ አለ። አንዱ፣ ከጎኖቹ መሠረት እኩል ጥልቀት ቆፍሮ አዲስ ፉቲንግ፣ ማለትም ግድግዳው የሚያርፍበትን የመሠረት ኮንክሪት፣ መጣል። ሁለተኛው፣ ከጎን መሠረት ወደ ጎን መሠረት የሚሻገር ባለ ፌሮ ግሬድ ቢም፤ ይህን መሐንዲስ ያስላው፣ የጎኖቹ መሠረት ተጨማሪውን ጭነት ይሸከም እንደሆነ እሱ ነው የሚያውቀው። ሦስተኛው፣ ከብሎኬት ይልቅ ቀላል ማዕቀፍ መትከል። እኔ ብዙ ጊዜ የምመክረው የሁለት ሐሳብ ድብልቅ ነው፦ የበሩን ስፋት ሙሉውን መስኮት አድርጉት። ከሥሩ 85 ሴንቲሜትር ብቻ ግድግዳ ይቀራል፤ ክብደቱ ከ1.5 ቶን ወደ 600 ኪሎ ይወርዳል። ከላይ ያለው አርኪትራቭ፣ ማለትም ከክፍተቱ በላይ ያለውን ጭነት የሚሸከመው አግዳሚ፣ ሳይነካ ይቆያል። ብርሃኑም ይገኛል። ይህም ቢሆን ግን ከሥሩ የሚቀመጥበት ነገር ይፈልጋል፤ 600 ኪሎም ቀላል አይደለም።

በዚያው በበሩ ፊት ሌላ ወጥመድ አለ። የመኪናው መግቢያ ከወለሉ እኩል ነው፤ አንዳንዱ ጭራሽ ወደ ጋራዡ ያዘነብላል። በሩ ግድግዳ ከሆነ በኋላ የዝናቡ ውሃ ሁሉ እዚያ ግድግዳ ሥር ይጠራቀማል። የውጭው መሬት ከውስጡ ወለል ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር ዝቅ ማለት አለበት። መግቢያውን ዝቅ አድርጉት፤ ካልተቻለ በግድግዳው ፊት ሙሉ ስፋቱን የሚይዝ ባለ ፍርግርግ ቦይ ሥሩና ውሃውን ወደ ጎን ውሰዱት።

መስኮትን በተመለከተ፣ ዓለም አቀፉ የመኖሪያ ቤት ኮድ መስታወቱ ከወለሉ ስፋት ቢያንስ በመቶ 8፣ የሚከፈተው ደግሞ በመቶ 4 እንዲሆን ይጠይቃል። ለ13.2 ካሬ ክፍል ይህ 1.06 እና 0.53 ካሬ ሜትር ነው። መኝታ ክፍል ከሆነ እሳት ቢነሳ ሰው የሚወጣበት መስኮት ወይም የውጭ በር ያስፈልገዋል፤ ያው ኮድ የመስኮቱን ክፍተት 0.53 ካሬ ሜትር፣ ደፉ ከወለሉ ከ1.12 ሜትር ያልበለጠ እንዲሆን ያዛል። መሬት ላይ ላለ ክፍል ክፍተቱን ትንሽ ያቃልላል። በየቦታው ያለው ደንብ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ግን መስኮት የሌለው ጋራዥ ውስጥ ልጅ አታስተኙ። እለምናችኋለሁ፣ አታስተኙ።

የጋራዡን ግማሽ ብቻ መቀየር የምትፈልጉ አላችሁ? ይህ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ጥሩ መንገድ ነው። ከበሩ በኩል አንድ ሜትር ተኩል ወይም ሁለት ሜትር ለዕቃና ለብስክሌት ትተውታላችሁ፤ የኋላው ክፍል ይሆናል። በሩ አይነካም፣ የበሩ መሠረት ጥያቄም ይቀራል። ግን ሁለት ማስጠንቀቂያ። ከፊት በኩል የቤንዚን ሞተር፣ ጄኔሬተር ወይም ሞተር ብስክሌት የሚነሳ ከሆነ የጭሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ በስንጥቅ ሁሉ ያልፋል፤ ሽታ የለውም፣ ተኝቶ ያለ ሰው አይነቃም፣ ይገድላል። እዚያ ሞተር አይነሳ። ሁለተኛ፣ መለያ ግድግዳው እሳት ለግማሽ ሰዓት የሚመክት ይሁን፤ በጋራዡ ወገን ቢያንስ 12.5 ሚሊሜትር ጂፕሰም ቦርድ፣ የሽቦና የቧንቧ ቀዳዳው ሁሉ የተደፈነ። ከዚያ ጋራዥ በቀጥታ ወደ መኝታ ክፍል የሚከፈት በር አይኑር።

ኤሌክትሪኩን ባጭሩ ልለፈው። ለአንድ አምፖልና ለአንድ ሶኬት የተሳበ መስመር ለክፍል አይበቃም። ከዋናው የብሬከር ሳጥን አዲስ መስመር ይሳብ፤ ለሶኬት 2.5፣ ለመብራት 1.5 ስኩዌር ሚሊሜትር ሽቦ፣ ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ወይም ወደ መሬት ሲያፈስ በ30 ሚሊአምፔር የሚቆርጥ መከላከያ ይኑረው።

መጸዳጃ ለምትፈልጉ ግን ቆም በሉ። የጋራዡ ወለል ዝቅ ያለ ነው፤ ቆሻሻው ደግሞ ወደ ታች መውረድ አለበት። 110 ሚሊሜትር ቧንቧ በ40 ሜትር አንድ ሜትር ቢወርድ፣ ማንሆሉ 6 ሜትር ላይ ካለ 15 ሴንቲሜትር ቁልቁለት ይፈጃል። የማንሆሉን ክዳን ከፍታችሁ የቧንቧውን ታች ለኩ። ከዚያ ከላይ የጻፋችሁትን የወለል ከፍታ አምጡና አወዳድሩ። ቁልቁለቱ ካልተገኘ የሚቀረው በሞተር የሚገፋ ፓምፕ ነው፤ መብራት ሲጠፋ እሱም ይቆማል።

የድሮ ጋራዥ ጣሪያ ላይ ግራጫ፣ ወፍራም፣ ሞገድ ያለው የሲሚንቶ ንጣፍ ካያችሁ አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል። አትስበሩት፣ አትብሱት፣ አትጥረጉት። ብናኙ ሳንባ ይጎዳል። በባለሙያ ተመርምሮ ይነሳ።

ሁለተኛው ነጥቤ፤ ማስፋፊያ።

ማስፋፊያ የምትፈልጉትን ክፍል በምትፈልጉት ቦታ ይሰጣል፤ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው። ከፍታው በእጃችሁ ነው፣ ግድግዳው በእጃችሁ ነው፣ መስኮቱ በእጃችሁ ነው። ግን ሥራው ከአፈር ይጀምራል። 4 በ5 ሜትር የሆነ ክፍል እንውሰድ። አንዱ ጎን የቤቱ ግድግዳ ስለሆነ 13 ሜትር መሠረት ይቆፈራል። 60 ሴንቲሜትር ስፋት፣ 1 ሜትር ጥልቀት ሲሆን 7.8 ሜትር ኩብ አፈር ይወጣል፤ አፈር ሲቆፈር ስለሚነፋ የሚጓጓዘው 10 ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል። የት ይጣላል? ይህ በዋጋው ውስጥ ገብቷል? ጠይቁ። ለፉቲንጉ በ25 ሴንቲሜትር ውፍረት 2 ሜትር ኩብ ኮንክሪት፣ ለወለሉ ሌላ 2 ሜትር ኩብ፣ ከወለሉ ሥር 5 ሜትር ኩብ ድንጋይና ጠጠር። ግድግዳው 2.7 ሜትር ከፍታ ኖሮት ለበርና ለመስኮት 6 ካሬ ብንቀንስ 29 ካሬ ይቀራል፤ ባለ 40 በ20 ብሎኬት በካሬ 12.5 ስለሚገባ ከነሚሰበረው 380 ብሎኬት። ይህን ቁጥር ይዛችሁ የሚቀርብላችሁን ዝርዝር አስተያዩት።

ጥልቀቱ 1 ሜትር ያልኩት ለምሳሌ ነው። አፈሩ ነው የሚወስነው። ሲደርቅ የሚሰነጠቅ፣ ሲረጥብ የሚያብጥ ጥቁር አፈር ላይ፣ መረሬ ላይ፣ 1 ሜትር ላይበቃ ይችላል። የተሞላ አፈር ላይ ደግሞ ጠንካራው እስኪገኝ መውረድ ግድ ነው።

አሁን ከማስፋፊያ ስህተት ሁሉ በብዛት የሚታየውን ልንገራችሁ። የድሮው ቤት ተቀምጧል፤ ለዓመታት ወርዶ፣ ተረጋግቶ ቆሟል። አዲሱ ገና ሊወርድ ነው። ጥቂት ሚሊሜትር ቢሆንም ይወርዳል። ግንበኛው «ጠንካራ ይሁን» ብሎ የድሮውን ግድግዳ እየቦረቦረ አዲሱን ብሎኬት ቢያጠላልፈው፣ አዲሱ ሲወርድ የድሮውን ይዞ ይጎትታል። የሚሰነጠቀው ከሁለቱ ደካማው ነው። መገጣጠሚያው ቀጥ ያለ ይሁን፤ 10 ሚሊሜትር ክፍተት ይተው፤ በድሮው ግድግዳ ላይ በብሎን በሚታሰር የማይዝግ ብረት ይያያዝ፤ ያ ብረት አዲሱ ግድግዳ ወደ ጎን እንዳይሄድ ይይዛል፣ ወደ ታች እንዲወርድ ግን ይፈቅዳል። ክፍተቱ በሲሚንቶ አይሞላ! በሚለጠጥ ማሸጊያ ይሞላ። በልስኑም ላይ መስመሩ ይታይ፤ የተተወ መስመር ከተሰነጠቀ ልስን ይሻላል።

ሲቆፈርም ጥንቃቄ አለው። አዲሱ መሠረት ከድሮው የሚጠልቅ ከሆነ በድሮው ጎን ረጅም ቦይ አትክፈቱ። በአንድ ሜትር በአንድ ሜትር እየከፈላችሁ፣ አንዱን ዘለል እያላችሁ ቆፍሩ፤ ኮንክሪቱ ተጥሎ ከጠነከረ በኋላ የተዘለለውን። ሙሉውን በአንድ ቀን የከፈተ ቡድን የድሮውን ቤት እግር ባዶ አድርጎታል፤ ማታ ዝናብ ቢጥል ማዕዘኑ ይወርዳል።

ጣሪያው ከድሮው ግድግዳ ጋር የሚገናኝበት ላይ ላሜራው ግድግዳው ላይ ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር ይውጣ፤ የላይኛው ጫፉም ግድግዳው ውስጥ ተቆርጦ ይግባ። ፊቱ ላይ ተለጥፎ በሲሊኮን የታሸገ ላሜራ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁበት ይለቃል። የድሮው ቤት አሸንዳ ወደ አዲሱ ጣሪያ የሚፈስ ከሆነ የአዲሱ አሸንዳ የሁለቱንም ውሃ መቻል አለበት።

ግቢ ውስጥ የተቀበረ የቆሻሻ መስመርስ አለ? ማስፋፊያው በላዩ ካረፈ መስመሩን ማዞር ይሻላል። ካልተቻለ ቧንቧው መሠረቱን በሚያልፍበት ዙሪያውን 5 ሴንቲሜትር ክፍተት ይኑረው፣ ከላዩ አርኪትራቭ ይደረግበት፤ አለበለዚያ ግድግዳው ሲወርድ ቧንቧውን ይቆርጠዋል።

እና ብርሃን! ማስፋፊያው ከኋላ ሲቀጠል የድሮው የኋላ ክፍል መስኮቱን ያጣል። አንድ ክፍል አተረፍን ስንል አንድ ክፍል ጨለመብን። ሥዕሉን ስታዩ የአዲሱን ክፍል ብቻ አትዩ፤ በመሐል የሚቀረውን ክፍል እዩ። የጣሪያ መስኮት ይሁንለት፣ ወይም መስኮት የማይፈልግ ሥራ ይሰጠው፤ የዕቃ ክፍል ወይም መተላለፊያ ይሁን። ግድግዳውን አፍርሶ ሁለቱን አንድ ማድረግ የሚቻለው ደግሞ በላዩ ያለው ጭነት በድጋፍ ከተያዘና ቢም ከገባለት በኋላ ነው፤ የቢሙ ጫፍ በየወገኑ ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር በጠንካራ ኮንክሪት ትራስ ላይ ይረፍ። መጀመሪያ አፍርሰን ከዚያ እናስገባለን የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሥራውን አስቁሙ።

ሦስተኛው ነጥብ፤ እንዴት እንወስን?

መጀመሪያ ክፍሉ ለምን እንደሚፈለግ ጻፉ። ለቢሮ ከሆነ ጋራዥ ጥሩ ነው፤ ከቤቱ ጫጫታ ይርቃል። ማታ ማታ ለሚነሳ ሽማግሌ ከሆነ ደረጃ የሌለው፣ ለመጸዳጃ የቀረበ ክፍል ያስፈልጋል፤ ጋራዡ ይህን ይሰጣል? ከሳሎን ጋር ተያይዞ የሚሰፋ ቦታ ከሆነ የምትፈልጉት፣ በቤቱ ሌላ ጫፍ ያለ ጋራዥ ምን ያደርግላችኋል? ደግሞ ይህን አስቡ፦ የግድ አዲሱ ሰው ጋራዡ ውስጥ መግባት አለበት? ልብስ ማጠቢያውና የዕቃ ክፍሉ ወደ ጋራዡ ቢሄዱ ቤቱ ውስጥ አንድ እውነተኛ ክፍል ይለቀቃል። ለልብስ ማጠቢያ 2.25 ሜትር ከፍታ ብዙ ጊዜ አያስቸግርም። ብዙ ቤት በዚህ ብቻ ይፈታል፤ ስለዚህ ሌላ ነገር ከማሰባችሁ በፊት ሞክሩት።

ሁለተኛ፣ ዋጋውን በሚተርፈው ካሬ አካፍሉ። ለጋራዡ የሚሰጣችሁን ዋጋ በ15 ሳይሆን በ13.2 አካፍሉ። በዚያ ላይ መኪናው የሚቆምበትን፣ ጋራዡ ውስጥ የነበረው ዕቃ የሚገባበትን ጨምሩ። ለማስፋፊያውም አፈር መጣያውን፣ የፈረሰውን ግቢ መልሶ ማንጠፉን ጨምሩ። ላልታሰበ ነገር ለጋራዡ በመቶ 15፣ መሠረቱ ተቆፍሮ ካልታየ በመቶ 20 ያዙ። ማስፋፊያ ላይ ያልታሰበው ነገር በአብዛኛው መሬቱ ውስጥ ነው፤ አፈሩ በጉድጓድ ከታየ በመቶ 10 ይበቃል።

ሦስተኛ፣ ፈቃድ። ጋራዥን መኖሪያ ማድረግ ግንባታ ባይመስልም በብዙ ቦታ የአገልግሎት ለውጥ ነው፣ ፈቃድ ይጠይቃል። ማስፋፊያ ደግሞ ከአጥር የሚርቅበት ልክና ከቦታው ስፋት የሚሸፈነው መጠን ይወሰንበታል። ሁለቱንም ወረቀት ላይ ከማውጣታችሁ በፊት ጠይቁ።

በእኔ አመለካከት፣ የተመረመረው ጋራዥ ከቤቱ የተያያዘ ከሆነ፣ ከሁሉም ሥራ በኋላ 2.4 ሜትር ከፍታ ከቀረው፣ የጎኖቹ መሠረት ጤነኛ ከሆነና መጸዳጃ ካልተፈለገበት፣ ያለ ማመንታት ይቀየር። ከባድ የመሠረትና የጣሪያ ሥራ ስለሌለበት ከወር እስከ ሁለት ወር ያልቃል፤ ሊሾው እስኪደርቅ መጠበቁ ግን በዚያ ላይ ይጨመር። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ዋጋው ይነጻጸር። ሁለቱ ከጎደሉ ጋራዡ ለመኪናው ይቆይና ማስፋፊያው ይሠራ። ጋራዡ ለብቻው የቆመ፣ ግድግዳው የሰነጠቀ፣ ጣሪያው የደከመ ከሆነ ደግሞ ሦስተኛ መንገድ አለ፦ አፍርሶ በዚያው ቦታ አዲስ መሥራት። ሰው ማፍረስን እንደ ኪሳራ ያየዋል፤ እኔ ግን ዋጋው ተሰልቶ ይታይ እላለሁ፤ አዲስ ወለል፣ አዲስ ፉቲንግና አዲስ ጣሪያ ለሚፈልግ ጋራዥ የሚቀረው የድሮ ነገር ምንድን ነው?

ንግግሬ እዚህ ላይ ይበቃል፤ የቀረውን ጊዜ ለጥያቄዎቻችሁ እንጠቀምበት። የቤታችሁን ፕላን ይዛችሁ የመጣችሁ ወደ ፊት አምጡት። ከቤቱና ከጋራዡ የወለል ከፍታ እንጀምርና አንድ በአንድ እናያቸዋለን።